ታሲሎ፣ የባቫሪያው መስፍን፦ የ25 ዓመት ጥፋት ለምን ተነሣ?

ጦሳ ሥር፦
እዚህ ደሴ ለታሪክ ወዳጆች የማነበውን አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ነገር አላራምድ አለኝ። ሰውየው ታሲሎ 3ኛ ይባላል። በ748 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አባቱ ኦዲሎ ሲሞት የ7 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ በዛሬዋ ጀርመን ደቡብ ያለችውን ባቫሪያን ወረሰ፤ በእናቱ በኩል የፍራንኮች (የዛሬዎቹን ፈረንሳይንና ጀርመንን ይገዙ የነበሩት ሕዝብ) ንጉሥ ፔፒን አጎቱ፣ ፔፒንን ተክቶ የነገሠው ሻርለማኝ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው። በ763 ከፔፒን ጋር ወደ አኪቴን ዘምቶ ሳለ ታምሜያለሁ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሞት የተፈረደበት ግን በ788 ነው። ይህን ያህል ዘመን የታለፈ ጥፋት ምን አስነሣው? «ዱክ» የሚለውን ማዕረጉንስ «መስፍን» ብለው ያስኬዳል?

ቦርከና ዳር፦
ጥፋቱ ሰበብ እንጂ ምክንያት አይመስለኝም። ታሲሎ ጣሊያን ውስጥ የነበሩትን የሎምባርዶችን ንጉሥ የዴሲዴሪዩስን ልጅ ሊዩትፔርጋን አግብቶ ስለነበር፣ ሻርለማኝ በ774 ዴሲዴሪዩስን ከዙፋን ሲያወርድ ባቫሪያ ያለ ደጋፊ ቀረች። በ787 ጦር በሦስት አቅጣጫ ሲመጣበት ሌክፌልድ ላይ ሳይዋጋ እጁን ሰጠ፤ አንድ የዘመኑ መዝገብ እንደሚለው፣ አገሩን ያስረከበው ጫፉ ላይ የሰው መልክ የተቀረጸበትን በትር በማስረከብ ነው። ልጁን ቴዎዶንም መያዣ ሰጠ። በዓመቱ ኢንገልሃይም ላይ የፍራንኮች ጠላት ከሆኑት ከምሥራቅ ጎረቤቶቹ ከአቫሮች ጋር ዶልተሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ሞት ለመፍረድ ግን በፍራንኮቹ ቋንቋ «ሃሪስሊዝ» የሚባለው፣ ጦር ጥሎ የመሄድ ወንጀል ተጠቀሰ። ይህን ሁሉ የጻፉልን የአሸናፊው ወገን ጸሐፊዎች መሆናቸውንም አይርሱት፤ በ757 ኮምፒየኝ ላይ ለፔፒን ታማኝ ልሆን ብሎ በቅዱሳን አፅም ማለ የሚለውንም የምናገኘው ከእነሱው ነው።

የሐይቁ፦
ሞቱ ተነሥቶለት ከነልጆቹ ፀጉሩን ተላጭቶ ወደ ገዳም መግባቱን ሳነብ ግሸን ትዝ አለችኝ፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። ግሸን ላይ የሚጠበቅ ልዑል ቀን ሲወጣለት ይነግሣል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከዚያ ወርደው ነግሠዋል። የታሲሎ መላጨት ግን መንገዱን ለዘለቄታው ለመዝጋት ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ በ794 ከገዳም አውጥተው ፍራንክፈርት ጉባኤ ፊት አቆሙትና ይቅርታ አስጠይቀው፣ በባቫሪያ ላይ የነበረውን መብት ሁሉ አስተዉት። ሥልጣኑ ያከተመለት ሰው እንዲህ ለምን ይፈራል? መልሱ ሕጋዊ ባለቤት እንደነበር ያውቁ ነበር የሚል ይመስለኛል።

አይጠየፍ፦
ስለ ቃሉ ልመልስ። የላቲኑ «ዱክስ» የጦር መሪ ማለት ስለሆነ «ደጃዝማች» የሚቀርብ ይመስላል፤ ግን ደጃዝማች ካሉት ሻርለማኝ የሾመው ሰው ይሆናል፣ ክርክሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። «መስፍን» ሲሉ የእኛ ሰው ዘመነ መሳፍንትን ስለሚያስብ፣ ስመ ንጉሥ ሳይኖረው አገር የሚገዛ ሰው ይታየዋል። ታሲሎ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሚጠራ፣ በ777 የክሬምስሙንስተርን ገዳም የተከለ ሰው ነው። ገዳሙ ዛሬም የሚያኖረው በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ጽዋ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ እግሩ ዙሪያ «ታሲሎ፣ ብርቱ መስፍን» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል፣ ቀጥሎም የሚስቱ ስም ከንጉሥ ዘርነቷ ጋር ሰፍሯል። እርሱ ስለ ራሱ ያስጻፈው እንግዲህ ይህ ነው።

ጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው እስከ ሌክፌልድ «መስፍን» እለዋለሁ፤ በትሩን አስረክቦ ያንኑ አገር ከሻርለማኝ እጅ መልሶ ከተቀበለ ወዲህ ግን «ባለ ጉልት» ብዬ እጽፋለሁ።