ክርክር፦ «ፎር አይስ» ቀልድ ነው ስድብ?

እናት ከለንደን፦ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር መነጽር ታዘዘለት። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ፊቱ ላይ የለም። ቦርሳው ውስጥ በስፖርት ካልሲው ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለካ «ፎር አይስ» እያሉት ነው፤ ባለ አራት ዓይን ማለት ነው። አስተማሪዋን ሳናግራት «የልጆች ቀልድ ነው፣ ድሮም ያለ ነው» አለችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ይሄን ቃል መከልከል አለበት እላለሁ። እናንተስ?

ምሥራቅ ለንደን፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ግን ይሄ አገር ለመነጽር ያላወጣው ስም የለም። እዚህ ሰፈር «ቢንስ» ይሉታል። ከባይኖኩላር፣ ከሩቅ ማያው፣ ተቆርጦ የቀረ ነው። «ግሪጎሪ ፔክስ»ም ይላሉ። ኮክኒዎች፣ የዚህ የምሥራቅ ለንደን ተወላጆች፣ አንድን ቃል ቤት በሚመታለት ሌላ ቃል ይተኩታል። መነጽር «ስፔክስ» ነው፣ «ፔክስ» ቤት መታላቸው፣ በቃ የሆሊውዱ ተዋናይ መነጽር ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ደንበኛዬ ኪሱን እየዳበሰ ግሪጎሪዎቹን ሲፈልግ ደስ ይለኛል። ይሄ ፍቅር ነው እንጂ ስድብ አይደለም። አንዱን ቃል መከልከል ከጀመርን የት ልናቆም ነው?

መጽሐፍ ወዳዱ፦ ከዚያም የቆዩ አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ጊግ ላምፕስ» ይሉት ነበር። ጊግ በአንድ ፈረስ የሚጎተት ባለ ሁለት እግር ጋሪ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ፋኖስ ይሰቀልበታል። «ባርናክልስ» ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ብዙ ሰው መርከብና ድንጋይ ላይ ከሚጣበቀው የባሕር ፍጡር ጋር ያያይዘዋል፤ እሱ አይደለም። ፈረስ ሲታከም እንዳይንቀሳቀስ አፍንጫውን ቆንጥጦ የሚይዘው መሣሪያ ስም ነው። የድሮ መነጽር ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዘንግ አልነበረውም። አፍንጫ ቆንጥጦ ነበር የሚቀመጠው። የደረሰበት ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል!

ነርሷ፦ ወንድሞቼ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን የጠቀሳችኋቸው ሁሉ የዕቃው ስሞች ናቸው። «ፎር አይስ» የልጁ ስም ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። «ስፔክስ» ስትል መነጽሩን ነው፤ «ስፔኪ» ካልክ ልጁን ጠራኸው።

ድህነትም አለበት። የመንግሥት ሕክምናው ኤን ኤች ኤስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሲጀምር መነጽር በነጻ ሰጠ። ሕዝቡ ከታሰበው በላይ ጎረፈ። በ1951 ክፍያ ሲመጣበት፣ ኤን ኤች ኤስን ያቋቋመው አናይረን ቤቨን ሚኒስትርነቱን ለቀቀ። መነጽር ያን ያህል ትልቅ ነገር ነበር። የመንግሥቱ ፍሬም ግን ዓይነቱ ጥቂት ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ልጁን በዓይኑም በኪሱም ይሰድቡት ነበር። ዛሬም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምርመራው ነጻ ነው፤ ለመነጽሩም ቫውቸር አለ። ታዲያ በነጻ ያገኘውን መነጽር ካልሲ ውስጥ ከደበቀው ምን ዋጋ አለው?

ዲያቆን፦ እኛ ዘንድ እኮ «አራት ዓይና» የክብር ስም ነው። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ ሊቅ ነው እንዲህ የሚባለው። አራት ዓይና ጎሹን ማን ይረሳል? ለልጁ ይሄን ንገሪው።

እናት ከለንደን፦ ዲያቆን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ነገርኩት። «አራቱንም መጽሐፍ አንብቦ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ ብሎት ተኛ። ጠዋት ግን መነጽሩን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አድርጎ፣ በሩ ላይ አወለቀው። እዚያ ግቢ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ የለማ።

ምሥራቅ ለንደን፦ ይሄንን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ነርሷ ያለችው ልክ ነው፤ የዕቃ ስምና የሰው ስም ቀላቅዬ ነበር። ግን አሁንም ክልከላ አልልም። የተከለከለ ቃል ከአስተማሪ ጀርባ ይባላል።

ነርሷ፦ ይባል። ቢያንስ አስተማሪዋ «ቀልድ ነው» አትልም።

እናት ከለንደን፦ ሰኞ ርእሰ መምህሯን ቀጥሬያለሁ። ካልሲውንም ይዤ ነው የምሄደው።