የስትሮክ ታካሚዎቻችን መረጃ ወደ ዓለም አቀፍ መዝገብ ይግባ ወይስ አይግባ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ፣ የድሬዳዋና የሐረር ሆስፒታሎች የስትሮክ ታካሚዎቻቸውን መረጃ ብዙ አገሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት መዝገብ ቢያስገቡ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ሬስ-ኪው» የተባለው መዝገብ፣ ለምሳሌ፣ ታካሚው መቼ እንደደረሰ፣ ሲቲ ስካን ተነሥቶ እንደሆነ፣ የመዋጥ ምርመራ እንደተደረገለትና ምን መድኃኒት ታዞለት እንደወጣ ይጠይቃል።

ነርስ፣ ከሐረር፦ ይግባ እላለሁ፤ ምክንያቴም አልጋ አጠገብ ያየሁት ነው። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው ሰው ገና አልጋ ሳይለምድ አስታማሚዎቹ አጥሚት በማንኪያ ማጠጣት ይጀምራሉ፤ ከፍቅር የመጣ ነውና ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን ጉሮሮው የደከመ ሰው ትን ይለዋል፣ የጠጣው ወደ ሳንባው ይወርዳል፣ ከቀናት በኋላም ከስትሮክ ተርፎ በሳንባ ምች ይሞታል። ታካሚውን ቀና አድርጎ በሻይ ማንኪያ ውኃ እየሰጡ ማሳሉንና ድምፁን መከታተል ጥቂት ደቂቃ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ነርሶች ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና መዋጥን በሥርዓት ሲከታተሉ ከ90 ቀናት በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት ታካሚዎች በድምሩ እንደቀነሱ አሳይቷል። ይህን ምርመራ የሚጠይቅ ቅጽ ከፊቷ ካለ፣ የሌሊት ተረኛዋ ባዶውን ቦታ አይታ አጥሚቱን ታስቆማለች።

መምህር፣ ከድሬዳዋ ከዚራ፦ ሲስተር ያሉት እውነት ነው፤ እኔ የምቃወመው ምርመራውን ሳይሆን ውጭ የሚላከውን መዝገብ ነው። አባቴ ስትሮክ በመታቸው ዕለት በባጃጅ ወስደናቸው ነበር። በኋላ ካርዳቸውን ስመለከት የገቡበት ቀን ተጽፏል፤ ሰዓቱ የለም። ሰዓት በማይጻፍበት ቤት ደቂቃ የሚቆጥር መዝገብ መክፈት ግምትን እንደ መረጃ መላክ ነው። ከዚህ የባሰ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። ከገጠር ቀበሌ በማግስቱ የሚደርሱትን ሁሉ የሚቀበል ሆስፒታል፣ አምቡላንስ ደጃፉ ከሚቆምለት የአውሮፓ ሆስፒታል ጋር በሞት ቁጥር ሲነጻጸር ያለ ጥፋቱ ይዋረዳል፤ ውርደቱን የሚፈራ ኃላፊም የከበዱትን ሪፈር እያለ መሸኘት ይጀምራል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከድሬዳዋ፦ መምህር፣ ስለ አባትዎ ካርድ የነገሩን ለእርስዎ የመቃወሚያ ምክንያት ሆነ፤ ለእኔ ግን መዝገቡን የምፈልግበት ዋናው ምክንያት ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ስትሮኩ ከደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ሊገድል ስለሚችል አስቀድሞ ሲቲ ስካን የግድ ነው። የሄልሲንኪ ሐኪሞች ታካሚው ከበር ገብቶ መድኃኒቱ እስኪሰጠው ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ ለዓመታት መዝግበው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 105 ደቂቃ የነበረውን መካከለኛ ቆይታ በ2011 ወደ 20 አወረዱት። የለወጡት ቅደም ተከተሉን ነው፦ የአምቡላንስ ባለሙያው አስቀድሞ ደውሎ ያሳውቃል፣ ታካሚው አልጋ ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ይገባል፣ መድኃኒቱም እዚያው ይሰጠዋል። የትኛው ደጃፍ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚባክን ባይጽፉ ኖሮ ምን እንደሚለውጡ አያውቁም ነበር።

የሞት ንጽጽሩን በተመለከተ ግን ስጋትዎን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ዕድሜና ታካሚው ሲደርስ የነበረው የሕመም ክብደት ሳይመዘገቡ የሞት ቁጥርን ማወዳደር ስሕተት ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካን፣ የመዋጥ ምርመራና ሲወጣ የታዘዘው የደም ግፊት መድኃኒት ይነጻጸሩ፤ እነዚህ በእጃችን ያሉ ሥራዎች ናቸው። የስዊድኑ የስትሮክ መዝገብ «ሪክስስትሮክ» እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሲሠራ ታካሚውን ከሦስት ወር በኋላም ይጠይቃል፤ ይህን እዚህ ወዲያውኑ እንችላለን አልልም።

የሕግ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ የሚሻ አድርጎ ያየዋል፤ ከአገር ሲወጣም ገደብ አለው። ስምና የካርድ ቁጥር ቢወጣለትም፣ በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታና የመግቢያ ቀን ተደምረው ሰውን ሊያሳውቁ ስለሚችሉ፣ ቀበሌው ከነጭራሹ አይጻፍ።

መምህር፦ ዶክተር፣ የሞት ቁጥር እንዳይወዳደር ከተስማሙ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ቀሪው ግማሽ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት በየወሩ ለዋርዱ ነርሶች ተመልሶ ይነገራቸው፤ የጻፉትን ተመልሰው ካላዩት በሦስተኛው ወር እጃቸው ይዝላል። ቅጹን የሚሞላ ሰውም ይቀጠር፤ በሲስተር ትከሻ ላይ አይጨመር።

ነርስ፦ በሁለቱም እስማማለሁ። አንድ ማንም ያላነሣው ነገር አለ። እኛ ካርድ ላይ 2፡30 ብለን ስንጽፍ የሲቲ ስካኑ ማሽን በዚያው ደቂቃ 8፡30 ብሎ ያትማል። ሁለቱን ሳያስተያይ የሚገለብጥ ሰው ታካሚው ምርመራ ለማግኘት ስድስት ሰዓት እንደጠበቀ አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የደረሰበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፤ ከአጠገቡም «በአገር» ወይም «በፈረንጅ» የሚል ምልክት ይጨመርበት፤ እስኪታተም ድረስ በእስክሪብቶ እንጽፈዋለን።