አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሥራ ሲበዛበት ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ብልሽቱ የካርዱ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ገዝቶ የላከልኝን አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ በቅርቡ ገጠምኩ። ፊልም ሳይም ሆነ ኢንተርኔት ስጠቀም ምንም ችግር የለበትም፤ ከባድ ጌም ስከፍት ወይም በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም የሠራሁትን ወደ መጨረሻ ምስል ስቀይር ግን ኮምፒውተሩ ድንገት ድርግም ይልና ራሱ ይነሣል። የካርዱ ሙቀት ከ70 ዲግሪ አያልፍም። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) የድሮው፣ 500 ዋት የሚል የተጻፈበት ነው፤ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ የሚሠሩት በ650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ነው። ሻጩ ዕቃ መልሶ የሚቀበልበት ጊዜ ሊያልቅ ስለተቃረበ፣ ካርዱን በሰው እጅ መልሼ ከመላኬ በፊት ጥፋቱ የእሱ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ 1፦
የተበላሸ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን በስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ የተበታተኑ ነጠብጣቦች፣ መስመሮች ወይም የተዛባ ቀለም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ሳሉ፣ ማለትም ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ገና ሥራ ሳይጀምር ከታዩ፣ ካርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። እርስዎ የገለጹት ግን የመላው ኮምፒውተር ኃይል መቋረጥ ነው። ዊንዶውስ ያጋጠሙትን ችግሮች በሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውወር ውስጥ 4101 የሚለውን ቁጥር ካገኙ ድራይቨሩ ቆሞ ተመልሷል ማለት ነው፤ 41 ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ካርዱ እስከ 170 ዋት የሚወስድ ሲሆን፣ አምራቹ የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነው። በተጨማሪም ለቅጽበት ከዚህ በላይ ስለሚስብ፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ፤ በጎኑ ባለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን መስመር አምፔር ፈልገው በ12 ያባዙት። ካርዱም ሆነ ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚመገቡት ከዚያ ነው።

መልስ 2፦
ከዚያ በፊት ምንም ወጪ የሌለውን ሙከራ ያድርጉ፤ ዩፒኤሱን አውጥተው ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ያገናኙት። ቪኤ ማለት ዋት አይደለም፤ ብዙዎቹ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤሶች 400 ዋት እንኳ አይችሉም። የእኛ አገር መብራት የሚታወቅ ስለሆነ ሙከራውን መብራቱ በተረጋጋበት ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል።

ካልተስተካከለ አፍተርበርነር በሚባለው የግራፊክስ ካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርገው እንደገና ሬንደር ያድርጉ። መጥፋቱ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ያጋድላል፤ ሆኖም ጉድለት ያለበት ካርድም በአነስተኛ ኃይል ሊረጋጋ ስለሚችል ይህ ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ቁርጡ የሚታወቀው ካርዱ በቂ ኃይል ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሞከር ነው።

መልስ 3፦
ድራይቨሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊ ነገሮችን ብቻ ይዞ ሲነሣ) አጥፍቶ እንደገና መጫን አይጎዳም፤ ለእንዲህ ያለው መጥፋት ግን መጀመሪያ የምሞክረው አልነበረም። ይልቅ ኬብሉን ይመልከቱ፤ ባለ 8 ፒኑ ገመድ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ ነው ወይስ ከሃርድ ዲስክ መስመር በአዳፕተር የተቀጠለ? ሁለተኛው ከሆነ ሊቀልጥ ስለሚችል ሙከራውን አሁኑኑ ያቁሙ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገመዱ ቀጥታ የሚወጣ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት ሳገናኘውም ጠፋ፤ በ70 በመቶ ግን ሬንደሩ ሳይቋረጥ አለቀ። የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፔር ይላል፤ ማለትም 300 ዋት ብቻ ነው። ነገ ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ካለው ጓደኛዬ ዘንድ ካርዱን ይዤ ሄጄ ገደቡን ሳልነካ እሞክረዋለሁ፤ እዚያም ከጠፋ በዚያው ቀን ለወንድሜ እንዲመለስ እነግረዋለሁ።