የባሕር ሥር መስመር የጋራ ሐሳብ፦ 3ኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ወጥቷል። ፍሬ ነገሩ ያው ነው። ከጅቡቲ ሞምባሳ በበርበራና በሞቃዲሾ በኩል ኢንተርኔት የሚያመጣ አዲስ የባሕር ሥር ገመድ እንዲዘረጋ እንጠይቅ፤ ተጣምረንም ድርሻ እንግዛ። አስተያየት መቀበያው ሐሙስ ይዘጋል።

ሒሳብ ያዥ፦ እስካሁን መዋጮ የከፈለው 11 ሰው ነው። ያልከፈለ አስተያየት አይስጥ።

የአዳማው፦ እኔ ከፍያለሁ። «ገመድ» የሚለው ይውጣ። ገመድ ልብስ የሚሰጣበት ነው። «ኬብል» በሉት።

ጸሐፊ፦ ከዘጠኝ ገጽ ያየኸው እሱን ብቻ ነው?

የአዳማው፦ ጅቡቲዎቹ ፊት እንዳንዋረድ ብዬ ነው።

የሐዋሳዋ፦ ጅቡቲዎቹ በአማርኛ ሊያነቡት ነው?

ኢንጂነር፦ ገመድ ምን አለው? ባለፈው ስብሰባ ቁራጩን አሳይቻችሁ የለ? ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይወፍርም። መሃሉ ፀጉር የሚያካክሉ የብርጭቆ ክሮች፣ ዙሪያው የተጠመጠመ ሽቦ። የተጠመጠመ ነገር ገመድ ነው።

የአዳማው፦ በእርስዎ ጊዜ ነው ጋሼ። አሁን ኬብል ነው የሚባለው።

ኢንጂነር፦ በእኔ ጊዜ ታናሽ ታላቁን ያከብር ነበር።

የጎንደሩ፦ «መስመር» ብላችሁ ተገላገሉ።

የአዳማው፦ መስመርማ የመብራትም አለ።

ከናይሮቢ፦ ወገን፣ ቁም ነገሩን ተዋችሁት። ዳሬ-1 የሚባለው ገመድ ከ2013 ጀምሮ አለ እኮ! ከጅቡቲ በቦሳሶና በሞቃዲሾ አድርጎ ሞምባሳ ይገባል። የቀይ ባሕርን ጠባብ መግቢያ ባብ ኤል መንደብን አይነካም። ሌላ ለምን ያስፈልጋል?

ሰብሳቢ፦ አንድ ብቻውን ስለማይበቃ። ሰኔ 2009 ሞቃዲሾ አጠገብ መርከብ አንዱን ገመድ ቆርጣ ደቡብ ሶማሊያ ከሦስት ሳምንት በላይ ያለ ኢንተርኔት ከረመ። የካቲት 2016 ደግሞ ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ ተመትታ መልሕቋን እየጎተተች ቀይ ባሕር ላይ ሲኮም፣ ኢአይጂና ኤኤኢ-1 የሚባሉትን ቆረጠች ተባለ። ጠጋኝ መርከብ እዚያ ለመግባት ወራት ፈጀባት። ያን ሰሞን ደንበኛ ስልኬን ሲያቀልጠው ነበር።

የአዳማው፦ «ቆረጠች» ያልከው ኬብል ነው።

ኢንጂነር፦ በቃኝ። ስሜን ከፈራሚዎቹ አውጡ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ተዉ እንጂ። ያለ እርስዎ ማን ያነበዋል?

የአዳማው፦ ይቅርታ ጋሼ። ክፉ አስቤ አይደለም።

ኢንጂነር፦ እሺ። ስሜ ይመለስ። ገመድ ግን ገመድ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ የድርሻውን ዋጋ አጣራለሁ ያለው ልጅስ?

ጸሐፊ፦ ስልኩ አይነሳም። ሁለት ሳምንት ሆነው።

የሐዋሳዋ፦ ባሕሩን ለባለ ባሕሩ ብንተወውስ? በሞያሌ በየብስ ወደ ሞምባሳ የሚወርደውን መስመር እናጠናክር።

ከናይሮቢ፦ እሱን ደግሞ መንገድ ሠሪ በስካቫተር ይበጥሰዋል። ጠዋት ተጠግኖ ማታ ይቆረጣል።

የጎንደሩ፦ ሰው የሚያየው ቪዲዮ ነው። እሱን እዚሁ አዲስ አበባ ሰርቨር ላይ ብናስቀምጠው ግማሹ ጣጣ ይቀላል። የጋራ ሰርቨር እንግዛ።

የሐዋሳዋ፦ እስማማለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ለሰርቨር ከሆነ እኔም እከፍላለሁ።

ሰብሳቢ፦ ከባሕር ተነስተን ሰርቨር ደረስን ማለት ነው። ይሁን፤ 4ኛው ረቂቅ በሰርቨሩ ይጀምር። የባሕሩ አባሪ ይሆናል። ጀነሬተርም ይግባ፤ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በምን ሊሠራ ነው? የጀነሬተር ዋጋ ማን ያጣራል?

ሰብሳቢ፦ ሰው የለም?

ኢንጂነር፦ ቁራጩን የወሰደ ይመልስልኝ። ስብሰባው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠፋ።