አሮጌው ቴርሞስታት ላይ ኦ እና ቢ ሁለቱም ሽቦ አላቸው፣ አዲሱ ላይ ቀዳዳው አንድ ነው። ሰማያዊው የት ይግባ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)

ሰላም ወገኖች። የሂቲንግና የኤሲ ሥራ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ያለነው ታውንሃውስ ነው። የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም ሂት ፓምፕ ነው፣ ጋዝ የለንም። ቴርሞስታቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ከኩሽናው በር አጠገብ ነው የተሰቀለው። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር የምጣዱ ሙቀት ይደርሰውና ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስለዋል፣ ማሽኑ ጸጥ ይላል፣ ላይ የተኙት ልጆች ብርድ ልብስ ፍለጋ ይነሳሉ። ስለዚህ ሌላ ክፍል የሚቀመጥ ሴንሰር ያለው ባለ ዋይፋይ ቴርሞስታት ገዛሁ።

አሮጌውን ከፈትኩት፣ ሽቦዎቹ የገቡባቸው ቦታዎች ፊደል ተጽፎባቸዋል። ቀይ አር ላይ፣ ቢጫ ዋይ ላይ፣ አረንጓዴ ጂ ላይ፣ ነጭ ደብሊው ላይ፣ ብርቱካናማ ኦ ላይ፣ ሰማያዊ ደግሞ ቢ ላይ ነው። ሲ የሚባል ቦታ ጭራሽ የለውም። አዲሱ ሲ የግድ ይፈልጋል፣ ኦ/ቢ ተብሎ ያለው ግን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዤ ልክተታቸው ወይስ? ፎቶ አንስቻለሁ፣ ገና ምንም አልነካሁም።

መልስ 1

ቀላል ነው ወንድሜ። ቴስተርህን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግና ከቀዩ ወደ ሰማያዊው ለካ። 24 አካባቢ ካነበበ ኮመን ነው፣ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት ሽቦ። ሲ ላይ ክተተው፣ አለቀ።

መልስ 2 (በሥራው ላይ ያለሁ፣ ቨርጂኒያ)

ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትከት! ኤሲ ስትከፍት ቴርሞስታቱ 24 ቮልቱን ኦ/ቢ ላይ ይለቀዋል። ኮመኑን እዚያው ተጠምዝዞ ካገኘው ሾርት ነው። ዕድል ካለህ ቦርዱ ላይ ያለችው 3 ወይም 5 አምፔር ፊውዝ ትቃጠላለች፣ ከሌለህ ትራንስፎርመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮዎቹ የትሬንና የአሜሪካን ስታንዳርድ ሂት ፓምፖች ላይ ቢ ማለት ኮመን ነው። በሪምና በሩድ ደግሞ ቢ የሚሄደው ወደ ሪቨርሲንግ ቫልቩ (ማሽኑን ከማሞቅ ወደ ማቀዝቀዝ የሚገለብጠው) ነው፣ ሙቀት ሲጠየቅ ነው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው። ፊደሉ አንድ፣ ሥራው ለየቅል። ኦ ላይም ቢ ላይም ሽቦ ካለ ግን ቫልቩን የያዘው ኦ ነው፣ ቢው አብዛኛውን ጊዜ ኮመን ሆኖ ይገኛል። ያንተም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

ከላይ ስለ ቴስተሩ በተባለው ግን አልስማማም። ከአር ወደ ዋይ ብትለካም እኮ 24 ታያለህ! ዋይ ውጭ ካለው የኮንታክተር (የኮምፕሬሰሩ ማብሪያ) ኮይል ጋር ይገናኛል፣ የኮይሉ ሌላ ጫፍ ኮመን ነው፣ ስለዚህ በኮይሉ አልፎ ያስነብባል። ቫልቩም ኮይል ነው፣ እሱም እንዲሁ ያታልልሃል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ቆመህ መልሱን አታገኘውም። ብሬከሩን አጥፋ፣ የውስጡና የውጭው ለየብቻ ብሬከር ስላላቸው ሁለቱንም። ቤዝመንት ውረድና የኤር ሃንድለሩን (አየሩን ወደ ቤቱ የሚነፋው የውስጡ ማሽን) ክዳን ፍታ። ሰማያዊውን በዓይንህ ተከተለው። ከትራንስፎርመሩ በ24 ቮልት በኩል ሁለት ጫፍ ይወጣል፣ አንዱ በፊውዙ አልፎ ወደ አር ይሄዳል። ሰማያዊው ከሌላኛው ጋር ከታሰረ ኮመን ነው፣ ያለ ሐሳብ ሲ ላይ አስገባው። ቀለምን አትመን፣ የጫነው ሰው የተጠቀመው በእጁ የነበረውን ሽቦ ነው።

ነጩ ያንተ ቤት ረዳት ማሞቂያ ነው፣ አዲሱ ላይ ኦክስ ወደሚለው ይሄዳል። ሴቲንጉ ላይ ሂት ፓምፕ ብለህ ምረጥ። ፈርነስ ካልከው ብርድ በመጣ ቁጥር የኤሌክትሪክ ስትሪፑን፣ ያንኑ ረዳት ማሞቂያ ያስነሳዋል። ቤቱ ይሞቃል፣ የምትንቀጠቀጠው ቢሉ ሲመጣ ነው።

መልስ 3 (ዱባይ)

እዚህ ሕንጻ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ከዚህ አካባቢ ሆናችሁ የምታነቡ ይህንን እንዳለ እንዳትገለብጡት። የኛ ሕንጻዎች ብዙዎቹ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠሩ ፋን ኮይሎች ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ደግሞ ብዙ ጊዜ 220 ቮልት በቀጥታ የሚገባበት ነው። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ፌዝ መኖሩን እዩ። ስፕሊትና ካሴት የሚባሉት ኤሲዎች የግድግዳ ሪሞት ሌላ ጉዳይ ነው። በቀጫጭን ሽቦዎች ዳታ ይላላካል እንጂ አር፣ ዋይ፣ ጂ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ከራሱ ብራንድ ሪሞት ውጪም አይግባባም።

መልስ 4

ለምን ቴርሞስታቱን ራሱን ከኩሽናው አታርቀውም? ሴንሰር ባትሪው ያልቃል፣ ልጆች ያነሱታል።

መልስ 2 (ቨርጂኒያ)

ይቻላል፣ ግን ከኤር ሃንድለሩ ጀምሮ አዲስ ባለ 8 ሽቦ ገመድ መጎተት ነው የሚሻለው። የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ፣ ፀሐይ የማይመታው፣ አየር የሚነፍስበት ቀዳዳ ፊት ለፊት ያልሆነ ቦታ። ግድግዳ መብሳት ካልፈለግክ በሴንሰሩ ኑር።

ጠያቂ (ሜሪላንድ)

እናመሰግናለን! ወርጄ አየሁት። ሰማያዊው ቦርዱ ላይ ቢ በሚለው ብሎን ስር ነው፣ ከትራንስፎርመሩ የመጣ ሽቦም አብሮት ታስሯል። ሲ ላይ አስገባሁት፣ ስክሪኑ በራ። ኦውን ሲቀዘቅዝ የሚሠራ ብዬ ሞላሁት። ሴንሰሩን ልጆቹ ክፍል አስቀምጬ ከእሱ ብቻ እንዲያነብ አድርጌዋለሁ፣ ምጣዱ የፈለገውን ያህል ይንደድ። አንድ ነገር ብቻ፣ ኤሲ ብዬ ስለኩስ የውስጡ ፋን ወዲያው ይነሳል፣ የውጭው ግን ደቂቃዎች ቆይቶ ነው። ችግር ነው?

መልስ 2 (ቨርጂኒያ)

ችግር የለውም። ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ቶሎ እንዳይነሳ ቴርሞስታቱ ራሱ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ይይዘዋል። ከተነሳ በኋላ ቀዝቃዛ እየመጣ ከሆነ ኦ/ቢውን በትክክል ሞልተኸዋል። ሙቅ ከሆነ ሽቦ አትንካ፣ ሴቲንጉን ብቻ ገልብጠው።