የጎንሳሎ ሜኔንዴስ ፒዳል ፊልሞች ለምን ይቸኩላሉ?

ጥያቄ፦ የታሪክ ምሁሩ ጎንሳሎ (1911–2008 እ.ኤ.አ.) በ1930ዎቹ በስፔን ገጠር ያነሳቸውን ፊልሞች ሳይ ሰዎቹ የሚሮጡ ይመስላሉ። ጥፋቱ የካሜራው ነው የቅጂው? የገጣሚውና የቴአትር ጸሐፊው የሎርካ ድምፅስ የለም?

መልስ 1፦ የቅጂው ነው። ድምፅ አልባ 16 ሚሊሜትር ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይነሳ ነበር፤ በ24 ሲታይ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። የ30 ሜትር ጥቅል 4000 ፍሬም ገደማ ይይዛል፦ በ16 ከ4 ደቂቃ በላይ፣ በ24 ግን 3 ደቂቃ አይሞላም። በእጅ በሚጠመዘዝ ሞላ የሚሠራ ካሜራ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ የሰዎቹን እርምጃ እያያችሁ አስተካክሉ።

መልስ 2፦ ድምፁን አትፈልጉ፤ የሎርካ ድምፅ የተቀዳበት ነገር እስካሁን አልተገኘም። ደግሞ ሁለቱን አታምታቱ፦ ሎርካ የመራው «ላ ባራካ» የተማሪዎች ቴአትር ነው (1932)። በ1931 የተቋቋመውና የትምህርት ሊቁ ኮሲዮ የመሩት የትምህርት ተልዕኮ (ባህልን ወደ ገጠር ያደርስ የነበረ የመንግሥት ፕሮግራም) ግን የቴአትር ጸሐፊው ካሶና የሚመራው የራሱ ቴአትር ነበረው። ጎንሳሎ ሁለቱንም ቀርጿል።

መልስ 3፦ ዋናው ፊልም እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ አሽትቱት። ኮምጣጤ ከሸተተ አሲቴቱ (ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ) እየፈረሰ፣ እየተኮማተረም ነው፤ ፕሮጀክተር ላይ ከጫናችሁት የፕሮጀክተሩ ጥርስ በፊልሙ ጠርዝ ያሉትን ቀዳዳዎች ይቀድዳቸዋል። ጥርስ በሌለው ስካነር ብቻ!