የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ፈንገስ ፕሮፖዛል፦ ከመድኃኒቱ በፊት መለኪያው ይታይ

ከአይሲዩ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካንዲዳ ኦሪስ የሚባለውን፣ አይሲዩ ውስጥ ከታማሚ ወደ ታማሚ የሚተላለፈውን ፈንገስ ለመከላከል የጻፋችሁትን የፕሮፖዛል ድራፍት አነበብኩት፣ ለደከማችሁበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ባጀቱ አብዛኛው የገባው መድኃኒት ላይ ነው። ካንዲዳ ኦሪስን ደግሞ ፍሉኮናዞል የሚባለው የተለመደው የፈንገስ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አይበግረውም፣ ሌላውን የፈንገስ መድኃኒት አምፎቴሪሲንንም የሚቋቋም አለ፣ እነ ሚካፈንጂን የሚባሉት መድኃኒቶች ገና ይሰሩበታል ግን ስንቱ ሆስፒታል ያገኛቸዋል? ቆዳው ላይ የያዘው ታማሚ ደሞ ምንም ሳያመው ለወራት ተሸክሞት ይቆያል።

የኦክስፎርዱን ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ እዛ የነርቭ ህክምና አይሲዩ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 በተነሳው ወረርሽኝ 70 ታማሚ ላይ ተገኘ፣ ማን እንደያዘው መረመሩ፣ ታማሚ ለዩ፣ አጸዱ፣ አልቆም አለ፣ ኋላ ማን በምን ተለካ ማን ምን ተደረገለት ብለው ሲያነጻጽሩ ብብት ስር የሚገባው፣ ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው የሙቀት መለኪያ ሆኖ ተገኘ! እሱን ከክፍሉ ካወጡት በኋላ ነው የቀነሰው። እኔ በሰራሁበት አንድ ቤት ለስድስት አልጋ አንድ የቢፒ መለኪያ ነበረን፣ ግሎቭ እየቀየርን እሱን ግን ሳንጠርገው እናዞረው ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ለየአልጋው የራሱ መለኪያ ይገዛ፣ ከሁሉ በፊት ይሄ ይግባልኝ።

ከላብ፦
እስማማለሁ፣ ግን መኖሩን በምን እናውቃለን? ብዙ ቦታ ካልቸር (ናሙናውን ላብ ውስጥ ማሳደግ) ላይ ካደገ "ካንዲዳ" ተብሎ ሪፖርት ይወጣል፣ የተለመደው ዓይነት አልቢካንስ ካልሆነ ማንነቱ አይጣራም። የመለያ ማሽን ያለውም ቢሆን ኦሪስን ካንዲዳ ሄሙሎኒ በሚባል ሌላ ዓይነት ሊያሳስተው ይችላል። ማልዲ ቶፍ የሚባለው፣ ጀርሙን በፕሮቲኑ የሚለየው ማሽን ግን ዳታቤዙ አፕዴት ከተደረገ በትክክል ይለየዋል፣ ስለዚህ ከደም የወጡትን ያልተለዩ ካንዲዳዎች አንጣል፣ እናስቀምጥና ማልዲ ቶፍ ወዳለበት እንላክ። ሩቅ አገር ያለ ነገር አይምሰላችሁ፣ ናይሮቢ አንድ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2016 ደማቸው ውስጥ ካንዲዳ ከተገኘባቸው ሰዎች 38 በመቶው ላይ ይሄው ኦሪስ ነበር።

ከኢንፌክሽን መከላከል ሐኪም፦
ሲስተር ልክ ነሽ፣ መለኪያው ባጀቱ ላይ ወደ ላይ ይውጣ። ስዋቡ (በጥጥ የሚወሰደው የቆዳ ናሙና) ከብብትና ከብሽሽት ይወሰድ፣ አዲስ ገቢም፣ ከታማሚው አጠገብ የተኙትም። ጽዳቱ ላይ ድራፍቱ "ዲስኢንፌክታንት" ብሎ አልፎታል፣ ይሄ አይበቃም፣ አሞኒየም ያለባቸው የተለመዱት ማጽጃዎች ብዙም አይገድሉትም፣ በረኪና ግን በልኩ ተበጥብጦ እቃው ላይ ትንሽ ከቆየ ይሰራል። ለእጅ አልኮሉ ይበቃል። የጽዳት ሰራተኞቹ ደሞ ስልጠናው ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሱም! አልጋውንና የአልጋውን የጎን ብረት የሚነኩት እነሱ ናቸው እኮ፣ በረኪናውን የሚበጠብጡትም እነሱ።

ከአይሲዩ ነርስ፦
እውነት ነው ዶክተር፣ የጽዳቶቹን ስልጠና ከነርሶቹ ጋር አንድ ላይ አደርገዋለሁ፣ ለብቻ ከሆነ ይረሳል። የመድኃኒቱን ባጀት ሙሉ በሙሉ አልሰርዝም፣ ደሙ ውስጥ የገባበትን ታማሚ ባዶ እጃችንን ልናየው አንችልም፣ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ላብ ላይ ያላችሁ የማስቀመጫ ፍሪጁን ዋጋ ጻፉልኝ። ዶክተር የስዋቡን ፎርም እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ፣ ለአስታማሚ የሚነበበው ማብራሪያ ደሞ በአማርኛ ብቻ እንዳይቀር በኦሮምኛም ይዘጋጅ፣ እኛ ክፍል ግማሹ አስታማሚ ከገጠር ነው የሚመጣው።